ወይን በቆየ ቁጥር ይጥማል፦ እውነት ወይስ ተረት?

በብዙ ቤት ሳሎን፣ ቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጀርባ፣ ያልተከፈተ የወይን ጠርሙስ አለ። ከሰርግ የተረፈ ይሆናል፤ ከውጭ የመጣ ዘመድ ያመጣው ይሆናል፤ ወይም ልጅ ሲመረቅ ይከፈታል ተብሎ የተቀመጠ ይሆናል። ለምን እንዳልተጠጣ ለሚጠይቅ እንግዳ የሚሰጠው መልስ ግን አንድ ነው፦ «ይቆይ እንጂ! ወይን እኮ የሚጥመው ሲቆይ ነው።» ይህን ያልሰማ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። እውነቱ ሌላ ነው። በዓለም ላይ ከሚጠመቀው ወይን አብዛኛው ለገበያ በወጣ በአንድ፣ በሁለት፣ ቢበዛ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው። ያ ጊዜ ካለፈ ቆይታ አያሻሽለውም፤ መዓዛውን ይወስደዋል፣ ያደክመዋል፣ በመጨረሻም ይገድለዋል። በቆይታ የሚያምርበት ወይን በእርግጥ አለ። እሱ ግን ጥቂቱ ነው፤ ስህተቱም የጥቂቱን ጠባይ ለሁሉም መስጠታችን ላይ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ወይን ሕይወት አለው፤ ጠርሙስ ውስጥም ሆኖ መብሰሉን አያቆምም» ይባላል። ከፊሉ ልክ ነው። እርሾው የፍሬውን ስኳር ወደ አልኮል ለውጦ ሲጨርስ መፍላቱ ያበቃል፤ ጠርሙስ ውስጥ የሚቀጥለው እጅግ ዝግ ያለ ኬሚካዊ ለውጥ ነው። ቀይ ወይን ከፍሬው ቆዳና ከዘሩ ታኒን የሚባል ነገር ይወስዳል፤ ወፍራም ሻይ ስንጠጣ ድዳችንን የሚያደርቀውም እሱው ነው። ዓመታት ሲያልፉ ታኒኑና የወይኑ ቀለም እርስ በርስ እየተያያዙ ይከብዳሉ፤ ከፊሉም ዝቃጭ ሆኖ ከጠርሙሱ ግርጌ ይቀራል። ወይኑ ይለሰልሳል፤ መልኩም ከሐምራዊነት ወደ ጡብማ ይሄዳል። በዚያው ልክ ትኩስ የፍሬ መዓዛው እየጠፋ፣ በቦታው የቆዳ፣ የትምባሆ፣ የደረቀ ቅጠል፣ የእንጉዳይ ሽታ ይተካል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የሚመጣው ነገር ከሚሄደው ይበልጣል ወይ የሚለው ነው። ብዙ ታኒን፣ ጠንካራ አሲድ ወይም ብዙ ስኳር ላለው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከመነሻው ጣዕሙ ለዳበረ ወይን ይበልጥለታል፦ ለጥሩ የፈረንሳይ ቦርዶ፣ ለኢጣሊያው ባሮሎ፣ ለፖርቱጋሉ ቪንቴጅ ፖርት፣ ለጣፋጩ ሶተርን፣ ለምርጥ የጀርመን ሪስሊንግ። ለቀላል ነጭ ወይን፣ ለሮዜና ከምግብ ጋር ለሚጠጣ የዕለት ቀይ ወይን ግን የሚሄድ እንጂ የሚመጣ የለም። ፈረንሳዮች በየዓመቱ በኖቬምበር ሦስተኛው ሐሙስ የሚያወጡት ቦዦሌ ኑቮ ፍሬው ከተለቀመ ገና ጥቂት ሳምንታት የሆነው ነው። ደስታው ያ ትኩስነቱ ነው፤ እሱን ለዓመታት ማስቀመጥ የተሠራበትን ምክንያት መጣል ነው።

«ታዲያ የወይን ሊቃውንቱ የሚያደንቁት አሮጌውን አይደለም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። የሚጽፉትን እንመልከት። የታወቁ ቀማሾች ስለ አንድ ወይን ሲጽፉ ከነጥቡ ጎን ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመተ ምሕረት ያስቀምጣሉ፤ አንዱ መጠጣት የሚጀመርበት፣ ሁለተኛው መጠጣት የሚያበቃበት። አሮጌን ያመልካሉ የሚባሉት ሰዎች ራሳቸው ለወይኑ የመጨረሻ ቀን ይቆርጡለታል ማለት ነው። ለምርጥ ቦርዶ ያ ጊዜ 30 እና 40 ዓመት ሊሆን ይችላል፤ ለብዙው ሌላ ወይን በጣት የሚቆጠር ዓመት ነው። ደግሞም ግምት መሆኑን አይርሱ። ቦርዶ ውስጥ ወይኑ ጠርሙስ ሳይገባ፣ ገና በርሜል ውስጥ እያለ፣ ከመከሩ በኋላ በሚመጣው የጸደይ ወቅት ተቀምሶ፣ ነጥብ ተሰጥቶት፣ ዋጋ ወጥቶለት ይሸጣል። ቀማሹ የስድስት ወር ሕፃን ይዞ የሽምግልናውን ጠባይ እንዲናገር ነው የሚጠየቀው። በ2004 የጸደይ ወራት አሜሪካዊው የወይን ቀማሽ ሮበርት ፓርከርና እንግሊዛዊቷ አቻው ጃንሲስ ሮቢንሰን ስለ አንድ የቦርዶ ወይን፣ ስለ 2003ቱ ሻቶ ፓቪ፣ የተለያዩት እዚህ ላይ ነው። እሱ ከ100 ወደ ጣሪያው የተጠጋ ነጥብ ሰጠው፤ እሷ ግን 12 ከ20 ሰጠችው። ክርክሩ የወይን ዓለምን ለረጅም ጊዜ አነጋገረ። ሁለቱም በሙያቸው የተከበሩ ናቸው። የወይኑን የወደፊት ጉዞ ግን ከበርሜሉ ሥር ቆሞ በእርግጠኝነት ያየ አልነበረም።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነገር ሌላ እምነት አለ፦ «ወጣት ሳለ የሚያንገፈግፍ ወይን ሲያረጅ ጥሩ ይሆናል፤ ገና ሲወጣ የሚጣፍጥ ግን አይቆይም።» መከራ ያየ ይከብራል የሚል ስሜት ስላለው ለጆሮ ይስማማል። የቦርዶ ታሪክ ግን ሁለት ጊዜ አስተባብሎታል። የ1975 ቦርዶዎች ታኒናቸው ከባድ ነበር፤ «ይጠበቁ፣ ለረጅም ዕድሜ የተፈጠሩ ናቸው» ተባለላቸው። ሰዎች ጠበቁ። ከብዙዎቹ ጠርሙሶች ፍሬው ቀድሞ አለቀና ታኒኑ ብቻውን ቀረ። በተቃራኒው የ1982 መከር ሲወጣ ለስላሳ፣ የበሰለ፣ ገና በበርሜል ሳለ የሚጣፍጥ ነበር፤ አንዳንድ አሜሪካዊ ጸሐፊዎችም ዕድሜ አይኖረውም ብለው ተጠራጠሩት። ያኔ ብዙም ያልታወቀው፣ ሜሪላንድ ውስጥ በጥብቅና ይተዳደር የነበረው ፓርከር ታላቅ ዓመት ነው ብሎ ጻፈ። ስሙ የገነነው በዚህ ነው። የ1982ቱ ምርጥ ጠርሙሶችም ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ቆመው ተገኙ። እንግዲህ ለዕድሜ የሚያበቃው ሚዛን ነው፤ ምሬት ብቻውን የዕድሜ ዋስትና አይሆንም።

ስለ ዕድሜ የተደረገው ትልቁ ክርክር ፓሪስ ውስጥ የተጀመረው ነው፤ እሱን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልንገርዎት። ሜይ 24 ቀን 1976 ስቲቨን ስፐሪየር የሚባል፣ ፓሪስ ውስጥ ወይን የሚሸጥ እንግሊዛዊ፣ ከባልደረባው ፓትሪሺያ ጋላገር ጋር ሆኖ ዘጠኝ የታወቁ ፈረንሳውያን ቀማሾችን ሰበሰበ። የፈረንሳይና የካሊፎርኒያ ወይኖችን ስማቸውን ሸፍኖ አቀረበላቸው። ከጋዜጠኞች የተገኘው የታይም መጽሔቱ ጆርጅ ቴበር ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ስለመሰላቸው ሳይመጡ ቀሩ። ነጥቡ ሲደመር ከነጮቹ የ1973ቱ ሻቶ ሞንተሌና፣ ከቀዮቹ የ1973ቱ ስታግስ ሊፕ አንደኛ ወጡ። ሁለቱም ከናፓ ሸለቆ ናቸው። የ1970 መከር የሆኑት የቦርዶዎቹ ሙቶን ሮትሺልድ፣ ሞንትሮዝና ኦ ብሪዮን ከቀዮቹ ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ ሆኑ።

ይህ ታሪክ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የአሜሪካ ድል ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ዕድሜያቸው ነው። ከቀረቡት 10 ቀይ ወይኖች ሁሉ ወጣቱ፣ ገና ሦስት ዓመት የሆነው፣ አንደኛ ወጣ። ከሁሉ አንጋፋው፣ በ1960ዎቹ የተለቀመው ፍሪማርክ አቢ፣ 10ኛ ሆነ። ከዚህ ተነሥቶ ወጣት ይበልጣል ማለትም ስህተት ነው። ለፈረንሳዮቹ የተሟገቱ ሰዎች ያኔ ያነሡት መከራከሪያ ሚዛን የሚደፋ ነበር፦ «የእኛዎቹ ገና አልደረሱም፤ የካሊፎርኒያዎቹ ዛሬ ያብረቀርቃሉ፣ በአሥርና በሃያ ዓመት ግን ይወድቃሉ» አሉ። ይህ ደግሞ በቀጠሮ ሊፈተን የሚችል ነገር ነው፤ ተፈተነም። በ1986 ኒው ዮርክ ላይ ያው ቀዮቹ እንደገና ሲቀመሱ በ1976 ስምንተኛ ወጥቶ የነበረው የካሊፎርኒያው ክሎ ዱ ቫል አንደኛ ሆነ። በ2006፣ በሠላሳኛው ዓመት፣ ለንደንና ናፓ ውስጥ በአንድ ቀን ሲቀመሱ መጀመሪያ አምስተኛ የነበረው የ1971ዱ ሪጅ ሞንቴ ቤሎ አንደኛ ወጣ፤ እስከ አምስተኛ ያለውንም ደረጃ የካሊፎርኒያ ወይኖች ያዙት። ስለዚህ «የእኛ ብቻ ይቆያል» የሚለው ወደቀ። ቅምሻው በተደገመ ቁጥር ደግሞ ደረጃው ተገለባበጠ፤ እያንዳንዱ ወይን በራሱ ጊዜ ይወጣል፣ በራሱ ጊዜ ይወርዳል።

ነጮቹስ ምን ሆኑ? የ1986ቱ አዘጋጆች አልቀመሷቸውም። ጊዜያቸው አልፏል ብለው አስበዋልና። የፓሪስን ሊቃውንት ያስደነቀው ያ የሞንተሌና ነጭ ወይን በ13 ዓመቱ ለውድድር እንኳ አልታጨም። ከእሱ አንድ ጠርሙስ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶንያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ተቀምጧል፤ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ከተማ ስለሆነ የሚቀርበው ሄዶ ሊያየው ይችላል። በታሪክነቱ የተቀመጠ ነው፤ እንዲጠጣ የሚጠብቅ የለም።

«እኔ ራሴ 20 ዓመት የቆየ ወይን ጠጥቻለሁ እኮ፤ ልዩ ነበር» የሚል ሰው ያጋጥማል። አልዋሸም፤ ምላሱ የነገረውን ነው የተናገረው። ምላስ ግን ብቻውን አይቀምስም፤ የሰማነውም አብሮ ይቀምሳል። በ2008 የታተመ የካልቴክና የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት ይህን አሳይቷል። 20 ሰዎች የአንጎል እንቅስቃሴ በሚያሳይ መሣሪያ ውስጥ ተኝተው ወይን ቀመሱ። አንዱን ወይን አንድ ጊዜ 10 ዶላር፣ ሌላ ጊዜ 90 ዶላር ነው እያሉ ሰጧቸው። 90 ሲባል የበለጠ ጣፈጣቸው፤ ከደስታ ስሜት ጋር የሚያያዘው የአንጎል ክፍልም የበለጠ ሠራ። ወይኑ ግን ያው ነበር። «ይህ ከሰርጋችን ቀን ጀምሮ የተቀመጠ ነው» የሚል ቃል ከ90 ዶላር በላይ ኃይል እንዳለው እገምታለሁ። የሠለጠኑ ዳኞችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። የወይን ጠማቂና ጡረተኛ ፕሮፌሰር የሆኑት ሮበርት ሆጅሰን ከ2005 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ግዛት ዐውደ ርእይ የሚዳኙትን ፈተኑ፤ ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳውን ወይን ሳያውቁት ሦስት ጊዜ አቀረቡላቸው። ለያው ወይን ተቀራራቢ ነጥብ ደግመው መስጠት የቻሉት ከ10 ዳኞች አንዱ ገደማ ብቻ ነበሩ። ሌላው ነገር፣ የሞተ ወይን የገጠመው ሰው ታሪኩን አይናገርም። እንግዳ ፊት ከፍቶ አቼቶ የሆነበት ባለቤት ወደ ጓዳ መልሶ ይደፋዋል፤ ሲወራ የሚኖረው ያማረለት ነው። ተረቱ እንዲህ እየተመረጠ ነው ከቤት ወደ ቤት የሚሄደው።

«ባይበልጥ ኖሮ ያን ያህል ባልተከፈለበት» የሚለው ክርክር ከሁሉም ይበረታል። በ2018 ኒው ዮርክ ውስጥ በሶተቢስ ጨረታ አንድ የ1945 ሮማኔ ኮንቲ ጠርሙስ በ558,000 ዶላር ተሸጧል። ዋጋው እውነት ነው፤ የገዛው ግን ብርቅነትን ነው። በዚያ ዓመት ከዚያ እርሻ የወጣው 600 ጠርሙስ ብቻ ነበር፤ ከዚያም አሮጌዎቹ የወይን ተክሎች ተነቀሉ። ከ600ው እስከ ዛሬ ያልተጠጣው ስንት ነው ብሎ የሚያስብ ገዢ ለቁጥሩ ማነስ ይከፍላል። እንዲህ ያለ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ሳይከፈት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ጣዕሙን የሚመሰክር ሳይኖር ዋጋው ይጨምራል።

የወይን ንግዱ የከፋ ቁስል የተፈጠረውም በዚህ ክፍተት ነው። በ1985 ለንደን ውስጥ በክሪስቲስ ጨረታ «1787» የሚል ዓመትና የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው የቶማስ ጄፈርሰን ስም መነሻ ፊደላት የተቀረጹበት የላፊት ጠርሙስ በ105,000 ፓውንድ ተሸጠ፤ የገዛው የፎርብስ ቤተሰብ ነው። ለእይታ ሲቀመጥ ከመብራቱ ሙቀት የተነሣ ቡሹ ደርቆ ወደ ውስጥ ገባ። ያን ጠርሙስ ካቀረበው ከጀርመናዊው ነጋዴ ከሃርዲ ሮደንስቶክ እጅ የወጡ ሌሎች «የጄፈርሰን» ጠርሙሶችን የገዛው ባለሀብቱ ቢል ኮክ በ2005 ምንጫቸውን ሲያጣራ የጄፈርሰን ቤት የሞንቲቼሎ ተመራማሪዎች ወይኖቹ የእሱ ስለመሆናቸው ማስረጃ እንደሌለ ነገሩት። እሱ የቀጠራቸው መርማሪዎችም ፊደላቱ የተቀረጹት በኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው አሉ። ሮደንስቶክ እስከ መጨረሻው ክዷል።

ሁለተኛው ጉዳይ በፍርድ ቤት አልቋል። ኢንዶኔዥያ የተወለደው ሩዲ ኩርኒያዋን ካሊፎርኒያ ውስጥ ተቀምጦ አሮጌ የፈረንሳይ ወይኖችን፣ ቡርጎኝና ቦርዶ፣ በመሸጥ ዝነኛ ሆነ፤ በ2006 ብቻ በሁለት ጨረታ ወደ 35 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ወይን ተሸጦለታል። ባለጠጎች፣ ሰብሳቢዎች፣ የተማሩ ቀማሾች ጠጥተው አደነቁ። በ2008 ለኒው ዮርክ ጨረታ ከቀረቡት ውስጥ ከ1945 ጀምሮ ያሉ፣ የፖንሶ ቤተሰብ ስም የተለጠፈባቸው የክሎ ሳን ዴኒ ጠርሙሶች ነበሩ። የቤቱ ባለቤት ሎራን ፖንሶ ከቡርጎኝ ተነሥቶ ድረስ መጣና ከጨረታው አስወጣቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቤተሰቡ ክሎ ሳን ዴኒን መሥራት የጀመረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ2012 ፖሊሶች የኩርኒያዋንን ቤት ሲፈትሹ የታተሙ ስያሜዎች፣ ቡሾች፣ ማኅተሞችና የመደባለቂያ ማስታወሻዎች አገኙ። አዳዲስና ርካሽ ወይኖችን እየደባለቀ አሮጌ ያስመስል ነበር። በ2014 የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ዕድሜ ሊሳሳቱት የማይቻል ጣዕም ቢኖረው ኖሮ ገና በመጀመሪያው ብርጭቆ ይታወቅበት ነበር። የተጠራጠሩ ቀማሾች አልጠፉም፤ የያዘው ግን በዋናነት የወረቀቱና የዘመኑ አለመጣጣም ነው። ይህን የምለው ቀማሾቹን ለማሳነስ አይደለም። አሮጌ ነው የሚል እምነት ምን ያህል ዓይንም ምላስም እንደሚሸፍን ያሳየናልና ነው።

ለእኛ አገር ሰው ደግሞ ተረቱ ከሁሉ የጸና ሥር አለው፦ «ቅዱስ መጽሐፍም አሮጌው ይሻላል ይላል።» በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 5 አሮጌውን የጠጣ አዲሱን እንደማይሻ መነገሩ እውነት ነው። የዚያን ዘመን አዲስ ወይን ግን አቁማዳ የሚያፈነዳ፣ ገና የሚፈላና ያልጠራ ነበር፤ ንግግሩም የመጣው ስለ አቁማዳ በተነገረው ምሳሌ ላይ ነው። አሮጌ ሲባል ፈልቶ የጨረሰና የጠለለ ነው እንጂ ለአርባ ዓመት የተደበቀ አይደለም። ስለ ወይን ሌላው የምናውቀው ታሪክ፣ በየዓመቱ ጥር 12 የምናከብረው የቃና ዘገሊላ ሰርግ፣ እንዲያውም ወደ ሌላ ወገን ይወስደናል። አሳዳሪው ከሁሉ መልካም ነው ብሎ ያመሰገነው ወይን በዚያች ሰዓት ከውኃ የተለወጠው ነው፤ በሰርግ ቤቱ ከነበረው ሁሉ አዲሱ። ሮማውያንም አሮጌን ይወዱ ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ121 የተጠመቀው ወይን በመካከላቸው እንደ ተአምር ይነገርለት ነበር። ከ200 ዓመት ገደማ በኋላ ግን ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ስለ እሱ ሲጽፍ እንደ ማር ወፍሮ፣ መርሮ፣ ብቻውን የማይጠጣ ሆኗል አለ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ደግሞ ወይን በእንጨት በርሜል ይቀመጥ ስለነበር በዓመቱ ይበላሽ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ዋጋ የነበረው አዲሱ መከር ነው፣ ያለፈው ዓመት በርካሽ ይሸጥ ነበር። ወይንን በጠርሙስ ማስቆየት የተቻለው ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ ጠንካራ ጠርሙስና ቡሽ ሲገናኙ ነው።

ከውስኪ ጋር መደባለቁም አለ። «ውስኪው 12 ዓመት፣ 18 ዓመት እየተባለ አይደል የሚወደደው?» ይባላል። የውስኪ ዕድሜ የሚቆጠረው በርሜል ውስጥ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ጠርሙስ ከገባ በኋላ ይቆማል። የ12 ዓመት ውስኪ ቡፌ ውስጥ 20 ዓመት ቢቀመጥ ያው የ12 ዓመት ውስኪ ነው፤ አልኮሉ ብዙ ስለሆነ ግን አይበላሽም። ወይን እንዲህ ያለ ጋሻ የለውም።

«ዋናው አለመከፈቱ ነው፤ የትም ይቀመጥ» የሚለው በጣም ብዙ ጠርሙስ አበላሽቷል። ለመቆየት የተሠራ ወይን እንኳ 12 ወይም 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሆነ፣ የማይዋዥቅ ቅዝቃዜ፣ ጨለማና እርጥበት ይፈልጋል፤ ቡሹ እንዳይደርቅም ተጋድሞ ነው የሚቀመጠው። ቡፌ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው፦ ብርሃን አለው፣ ቀን ይሞቃል፣ ማታ ይቀዘቅዛል፣ ጠርሙሱም ቆሞ ነው የሚውለው። ቡሹ ሲደርቅ አየር ይገባል፤ አየር ሲገባ ወይኑ ወደ አቼቶ መንገድ ይጀምራል። አቀማመጥ ምን ያህል እንደሚወስን በ2010 ፊንላንድ አጠገብ ከኦላንድ ደሴቶች ባሕር ሥር ታይቷል። ጠላቂዎች 50 ሜትር ያህል ወርደው 170 ዓመት ገደማ የሆናቸውን የሻምፓኝ ጠርሙሶች አገኙ፤ በድምሩ 168 ጠርሙስ ወጣ። ቅዝቃዜና ጨለማ ጠብቀዋቸው ነበር፤ በሊትር ወደ 150 ግራም የሚጠጋ ስኳርም ነበራቸው፣ የዚያ ዘመን ሰው ጣፋጭ ይወድ ነበርና። አንዳንዶቹ ሲወጡ ገና የሚጠጡ ነበሩ። ያም ሆኖ ቀማሾቹ መጀመሪያ የጻፉት የእርጥብ ፀጉርና የአይብ ሽታ እንዳለው ነው፤ የጭሱ፣ የቅመሙና የአበባው መዓዛ የመጣው ብርጭቆው ከተዟዟረ በኋላ ነው።

ስለዚህ ቤት ያለውን ጠርሙስ ዛሬ አውርደው ይመልከቱት። የጉደር፣ የአክሱሚት፣ ከዝዋይ የሚመጡት የሪፍት ቫሊና የአካሲያ ወይኖች ከገበያ ተገዝተው ቶሎ ቢጠጡ ነው የሚያምርባቸው፤ ከውጭ የመጣው ብዙው የሱፐርማርኬት ወይንም እንደዚያው ነው። ነጩ ወደ ቡናማ ከሄደ፣ የወይኑ ልክ ከአንገት በታች ከወረደ፣ ቡሹ ከተገፋ፣ ምናልባት አልፎበታል። ከፍተው ያሽትቱት፦ አቼቶ ወይም የተበላሸ ፖም የሚሸት ከሆነ አየር ገብቶታል፤ እርጥብ ካርቶን የሚሸት ከሆነ ጥፋቱ የቡሹ ነው። ያረጀ ወይን አይመርዝም፤ ደስታውን ነው የሚያጣው። ተከፍቶ የተረፈ ወይንም ቡሹ ተመልሶበት ለወራት አይቀመጥም፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆያል፣ ያ ብቻ ነው።

በቆይታ የሚመጣውን ለውጥ በእውነት ማየት ለሚፈልግ ደግሞ የወይን ሰዎች ራሳቸው የሚሠሩበት መንገድ አለ። አንድ ውድ ጠርሙስ ገዝቶ ለሃያ ዓመት ከመሸሸግ ይልቅ ለቆይታ የተሠራ አንድ ዓይነት ወይን ስድስት ወይም አሥራ ሁለት ይገዛሉ። አንዱን ወዲያው ከፍተው ይቀምሱና የተሰማቸውን ይጽፋሉ። ሌሎቹን ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አጋድመው፣ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ አንድ እየከፈቱ፣ ከቀድሞው ማስታወሻ ጋር ያስተያያሉ። መዓዛው መቀነስ በጀመረበት ዓመት የቀሩትን በሙሉ ጎረቤት ጠርተው ይጠጧቸዋል።